ኀዘንና መዝሙር፤ የቶማስ ዶርሲ ድርሰት ሲመረመር

ኀዘን ያላገኘው ሰው መልካም ግጥም አይገጥምም፤ ልቡ ያልቈሰለ ሰው የሚያወጣውም ዜማ ከጆሮ አልፎ ወደ ልብ አይገባም የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ተረጋገጠ እውነት ሆኖ ይነገራል። አሳቡ ለሰሚው ደስ ያሰኛል፤ መከራ ያለ ዋጋ እንዳልቀረ፥ ዕንባም በከንቱ እንዳልፈሰሰ ያስመስላልና። ነገር ግን በምሳሌ ሲመረመር ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። መከራ ያገኛቸው ሰዎች እንደ ባሕር አሸዋ የበዙ ናቸው፤ ከነዚያ መካከል ሰው የሚቀበለው መዝሙር የደረሱት ግን በጣት ይቈጠራሉ። ኀዘን ብቻውን ደራሲ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ፥ ለቅሶ ቤት ሁሉ የቅኔ ቤት በሆነ ነበር።

ይህን ነገር ለመመርመር ቶማስ ዶርሲ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን የመዝሙር ደራሲ ታሪክ እጅግ ይጠቅማል። ከድርሰቶቹ ሁሉ ይልቅ የታወቀው «ውድ ጌታ ሆይ፥ እጄን ያዝ» የሚል ስም ያለው መዝሙር ነው። ይህ መዝሙር በ1932 ዓመት ተደረሰ፤ (ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤) የተደረሰበትም ምክንያት የደራሲው ሚስትና ልጅ ሞት ነው። ሰባክያንና ጋዜጠኞች ታሪኩን ሲያወሩ ነገሩን ያሳጥሩና ሚስት ሞተች፥ ባል አለቀሰ፥ መዝሙርም ተወለደ ይላሉ። እንዲህ ባጭሩ ሲነገር ውሸት አይደለም፤ ዳሩ ግን የእውነቱ እኩሌታ ቀርቶበታል። የቀረው እኩሌታ ደግሞ ስለ ድርሰት ሥራ ብዙ የሚያስረዳው ነው።

ዶርሲ የተወለደው በ1899 በጆርጂያ ግዛት ቪላ ሪካ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የባፕቲስት ሰባኪ ሲሆን የሰው መሬት እያረሰ የሚያካፍል ገበሬም ነበረ፤ እናቱ በጸሎት ቤት ኦርጋን ትመታ ነበር። ቤተ ሰቡ ወደ አትላንታ ከተማ ከተዛወረ በኋላ ልጁ ወደ ቴያትር ቤቶች እየተመላለሰ የፒያኖ መቺዎቹን እጅ እያየ ተማረ። በ1916 ወደ ሺካጎ ሄደ። በዚያም ብሉዝ በሚባለው የጥቁር ሕዝብ እንጉርጉሮ ስሙ ተጠራ፤ በ1924 ማ ሬኒ ለምትባለው ዝነኛ ዘፋኝ ፒያኖ መቺ ሆነ፤ «ጆርጂያ ቶም» በሚል ስምም ዘፈኑ በሸክላ ተቀዳ። በ1928 ታምፓ ሬድ ከሚባል ጓደኛው ጋራ ያወጣው አንድ ዘፈን፥ ቃሉ ለጨዋ ጆሮ የማይመች ሆኖ ሳለ፥ እጅግ ብዙ ሸክላ ተሸጠለት።

ከዚህ ላይ ታሪክ ነጋሪዎች ፈጥነው የሚያልፉት ነገር አለ። ዶርሲ ኔቲ ሃርፐር የምትባል ሴት በ1925 ካገባ በኋላ፥ በ1926 ጽኑ የመንፈስ ሕመም ያዘው። ሥራውን ተወ፤ ለእንጀራው የተማረው ሙያ ከእጁ እንደ ወደቀ ሆነ፤ ራሱን ለማጥፋት እስከ ማሰብም ደረሰ። ይህ ጭንቀት ሁለት ዓመት ያህል አልለቀቀውም። እንግዲህ መከራ መዝሙር የሚወልድ ከሆነ ከዚህ የበለጠ የመውለጃ ጊዜ አይገኝም ነበር። ነገር ግን ሕመሙ በጸናበት ወራት ዶርሲ ዝም አለ። መጻፍ የጀመረው መዳን በጀመረ ጊዜ ነው፤ የአንድ ወዳጁ ድንገተኛ ሞት ምክንያት ሆኖት አንድ መዝሙር ደረሰ፤ ያም መዝሙር በ1930 በሺካጎ በተደረገው የጥቁር ባፕቲስቶች ታላቅ ጉባኤ ላይ ተዘምሮ በሕዝቡ ዘንድ ተወደደለት። ሕመም ሲጸና አፍ ይዘጋል፤ ይህም በሐኪም ቤትም በለቅሶ ቤትም የሚታይ ነገር ነው። ስለዚህ የዶርሲን የ1932 መዝሙር ለመረዳት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፥ ፊተኛው ሥቃይ ድዳ ያደረገውን ሰው ኋለኛው ሥቃይ እንዴት አዘመረው? ብሎ ነው።

መልሱ በሁለቱ ሥቃዮች መካከል ባለው ዘመን ውስጥ ይገኛል። ዶርሲ በነዚያ ዓመታት አንድ የመዝሙር ዐይነት ለራሱ አበጅቶ ነበር፤ ይኸውም ጎስፐል እየተባለ የሚጠራው፥ ቃሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ፥ አወጣጡ ግን ከእንጉርጉሮው የሆነ ነው። የሺካጎ ጸሎት ቤቶች በደስታ አልተቀበሉትም። ድርሰቱን በወረቀት እያሳተመ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞ ሲዞር፥ ከመጋቢዎቹ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ የመጠጥ ቤት ዜማ በጸሎት ቤት አይሰማም ብለው መለሱት። የነዚህ ሰዎች ቃል በኋላ ዘመን ጸሐፊዎች ዘንድ መሳቂያ ሆኗል፤ ይሁን እንጂ ሊሣቅበት የሚገባ አይደለም። ዜማ ከወጣበት ቤት ሽታ ይዞ ይመጣልና። በኢትዮጵያ በገና ለጸሎትና ለተመስጦ ሲሆን፥ መሰንቆ በአብዛኛው የአዝማሪ ነው፤ ሰውም ዕቃውን ባየ ጊዜ ጆሮውን ለምን እንደሚያዘጋጅ አስቀድሞ ያውቃል። በሺካጎ ግን ፒያኖው አንድ ነው፤ የሚመታውም ጣት አንድ ነው። ቅዳሜ ማታ ለሰካራም የተመታው እሑድ ጧት ለምእመን ሲመታ የሰማ መጋቢ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ይልቁንም ዶርሲ ራሱ በ1928 መዝሙርም ያንን የነውር ዘፈንም በአንድ ዘመን ይጽፍ እንደ ነበረ ሲታሰብ፥ ድንጋጤያቸው ምክንያት ነበረው።

የሳቱት በአንድ ነገር ነው። ዶርሲ ከዚያ ቤት ያወጣው የለቅሶውን ሙያ ነው እንጂ ስካሩን አይደለም። እንጉርጉሮ የራሱ ጥበብ አለው፤ ድምፅን ከተጠበቀበት ቦታ ትንሽ ዝቅ አድርጎ መጣል፥ ቃልን ደግሞ ማምጣት፥ በሁለት ቃል መካከል እስትንፋስ የሚያህል ዝም ማለት፥ ሰሚው ከዘፋኙ ጋራ እንዲያቃስት ቦታ መተው። ባሮች የነበሩት አባቶቻቸው በጥጥ እርሻ ውስጥ ያቃሰቱት ማቃሰት በዚህ ጥበብ ውስጥ አለ። የአሜሪካ የከተማ ጸሎት ቤቶች ከታተመ መጽሐፍ በአራት ድምፅ የሚዘምሩት የተስተካከለ መዝሙር ለምስጋና የተመቸ ነበረ፤ የሚያቃስት ሰው ግን በውስጡ የሚቆምበት ስፍራ አልነበረውም። ዶርሲ ያን ስፍራ አበጀ። ስፍራውን ሲያበጅም ለማን እንደሚያበጀው አያውቅም ነበር።

ከዜማውም ሌላ ሰዎች ነበሩት። በ1931 ቴዎዶር ፍራይ ከሚባል ዘማሪ ጋራ ሆኖ በኤቤኔዘር የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ማኅበር አቋቋመ፤ በ1932 ደግሞ ፒልግሪም የሚባለው ታላቅ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን አለቃ አድርጎ ሾመው። ስለዚህ ሁለተኛው መከራ በመጣ ጊዜ ዶርሲ እንደ 1926ቱ ብቻውን አልነበረም፤ ድምፁን የሚያውቅ ጓደኛ፥ የጻፈለትን የሚዘምርለት ማኅበር ነበረው።

መከራው የመጣው በ1932 በኦገስት ወር ነው። ዶርሲ በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚደረግ የስብከት ጉባኤ ላይ እንዲዘምር ተጠርቶ ነበር፤ ኔቲም የመውለጃዋ ጊዜ ቀርቦ ነበር። ራሱ በኋላ ዘመን እንደ ተረከው፥ በመኪና ተነሥቶ ጥቂት እንደ ሄደ የመዝሙር ወረቀት የያዘበትን ቦርሳ በቤቱ እንደ ረሳ ትዝ አለውና ተመለሰ። ሚስቱ ተኝታ ነበር። አልቀሰቀሳትም፤ ልቡ እንዲቀር ቢያመነታም ቦርሳውን ይዞ ሄደ። በጉባኤው መካከል ሳለ ቴሌግራም መጣለት፤ ኔቲ በምጥ ሞታለች የሚል ነበር። ወደ ሺካጎ ሲመለስ ወንድ ልጅ ተወልዶለት አገኘ፤ እርሱም ብዙ ሳይቈይ ሞተ። እናትና ልጅ በአንድ ሣጥን ተቀበሩ። ዶርሲ ከዚያ በኋላ መዝሙር መጻፍን ለመተውና ወደ ቀድሞው ዘፈኑ ለመመለስ አስቦ እንደ ነበረ ተናግሯል። ይህም አይደንቅም፤ ወደ ቤቱ መልሶ ደግሞ ከቤቱ ያወጣው ያው የመዝሙር ቦርሳ ነበረና።

ከጥቂት ቀን በኋላ ፍራይ ጓደኛውን ፖሮ ኮሌጅ ወደሚባለው የውበትና የጠጉር ሥራ ማስተማሪያ ቤት ወሰደው። በዚያ ፒያኖ ነበረ። ዶርሲ ጣቱን በፒያኖው ላይ እያንቀሳቀሰ ሳለ ዜማና ቃል ተያይዘው እንደ መጡለት ተርኳል፤ ከላይ የተሰጠው ስጦታ አድርጎም ይቈጥረው ነበር። ይህን ቃሉን መንቀፍ የማንም ሥልጣን አይደለም። ነገር ግን ተቺ የሚመረምረው ነገር አለ። የመጣለት ዜማ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ «ሜይትላንድ» የሚባል፥ በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ጸሎት ቤቶች ስለ መስቀል መሸከም በሚናገር መዝሙር የታወቀ ዜማ ነው። ዶርሲ ያን የቈየ ዜማ ወስዶ ፍጥነቱን አዘገየው፤ በእንጉርጉሮው መንገድም እዚህም እዚያም አጠፈው። ከኀዘኑ የተነሣ አዲስ ነገር ለመፍጠር የሚበቃ ጉልበት ያልነበረው ሰው፥ ከልጅነቱ ጀምሮ እጁ የሚያውቀውን ነገር ያዘ። ብዙ ሰዎች ስጦታ ማለት ከምንም የመጣ ነገር ይመስላቸዋል፤ በዚህ መዝሙር ግን ስጦታው ለረጅም ጊዜ በሠለጠነ እጅ ላይ ነው ያረፈው።

አንዲት ቃል ደግሞ አለች። ዶርሲ ድርሰቱን ለፍራይ ሲያሰማው ጌታን የጠራበት ቅጽል «ቡሩክ» የሚል ነበረ። ፍራይ ግን ይህን ቃል ትተህ «ውድ» በለው ብሎ መከረው፤ ዶርሲም ተቀበለ። በቃል ሥራ የሚደክሙ ሰዎች የዚህችን ለውጥ ክብደት ያውቃሉ። «ቡሩክ» የምስጋና ቃል ነው፤ የሚናገረው ሰው በክብር ቦታ ላለ ጌታ ከሩቅ ቆሞ የሚሰግድ ነው። «ውድ» ግን ሰው እንዳይጠፋበት የሚሰጋለትን ነገር የሚጠራበት ነው፤ በእንግሊዝኛውም እንደ አማርኛው ዋጋው ለከበደ ዕንቍም ለተወደደ ልጅም ይነገራል። ሚስቱንና ልጁን በአንድ ሣጥን ቀብሮ በተመለሰ ሰው አፍ ይህ ቃል በተገባ ጊዜ፥ የቀረለት ውድ ነገር ይህ ብቻ መሆኑን ሳይናገር ይናገራል። ይህን ያየው ደግሞ ሐዘንተኛው ሳይሆን ጓደኛው ነው። የመዝሙሩ ስም በዓለም ሁሉ የሚጠራው በዚህች ከሌላ ሰው በተገኘች ቃል ነው።

አሁን ወደ ግጥሙ እንግባ። በመዝሙሩ ውስጥ ኔቲ የለችም። ሕፃኑ የለም፤ ሴንት ሉዊስም ቴሌግራሙም የለም። ሞት የሚለው ነገር ራሱ በግልጽ አልተጠራም፤ የተጠሩት ድካም፥ ሌሊት፥ ማዕበል፥ የመንገድ መጨረሻ ናቸው። ተናጋሪው ስለ ራሱ የሚናገረው የሰውነቱን መዛል ብቻ ነው፤ የሚለምነውም እጁ እንዲያዝና ወደ ቤት እንዲመራ ነው። መከራው ለምን እንደ መጣ አይጠይቅም። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ፥ ስለ መከራው አያመሰግንም፤ ተጽናናሁም አይልም። በመዝሙሩ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው በመጀመሪያው ላይ እንደ ነበረው ገና እየለመነ ነው። ጠንካራ ሰው የሚናገረው ነገር በውስጡ ፈጽሞ አይገኝም፤ ሆኖም መዝሙሩን የሰሙ ብዙ ሐዘንተኞች በርትተውበታል።

ይህ እንዴት ሆነ ቢባል፥ ንጉሡ ዳዊት ያለቀሰባቸውን ሁለት መንገዶች ማስታወስ ይጠቅማል። በሳኦልና በዮናታን ሞት ጊዜ ያወረደው ልቅሶ ስማቸውን፥ ኃይላቸውን፥ የወደቁበትን ተራራ ይጠራል፤ ልቅሶው የነሱ ነው፤ የሚያነበው ሰው ከዳዊት ጋራ ያዝንላቸዋል እንጂ የራሱን ሙት ሊያለቅስበት አይችልም። ኃምሳኛው መዝሙር ግን ከኦርዮና ከቤርሳቤህ ነገር የተነሣ እንደ ተጸለየ በአርእስቱ ተነግሮ ሳለ፥ በጸሎቱ ውስጥ የማንም ስም የለም። ከዚህም የተነሣ ኦርዮን ያልገደለ ሁሉ ስለ ገዛ ኃጢአቱ ይጸልይበታል። በኢትዮጵያም ልማድ አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ስም፥ ዘሩን፥ ጀግንነቱን፥ ደግነቱን እየጠራች ነው፤ ሙያዋም የሚለካው ሟቹን ከሌላ ሟች ለይታ በማሳየቷ ነው። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው፤ ዳሩ ግን ያ ሙሾ ከዚያ ለቅሶ ቤት አይወጣም። ዶርሲ ሙሾ ሊያወርድ ይችል ነበር፤ እንጉርጉሮ ያስተማረው ያንን ነውና፤ በእንጉርጉሮ ውስጥ ሰው የሄደችበትን ሴት በስሟ ይጠራታል። እርሱ ግን ስሙን ከግጥሙ አወጣ። ኔቲን ከመዝሙሩ ማውጣት ለእርሱ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ መገመት ለአንባቢ የተተወ ነው፤ መዝሙሩ የሌላ ሰው ሊሆን የቻለው ግን በዚህ ነው።

ከዚሁ ከሺካጎ ከተማ የወጣ፥ በመከራ የተጻፈ ሌላ መዝሙር ስላለ ማነጻጸር ይቻላል። ሆሬሺዮ ስፓፎርድ የሚባል የሕግ ጠበቃ በ1873 በኖቬምበር ወር «ቪል ዱ ሃቭር» የተባለችው መርከብ ከሌላ መርከብ ጋራ ተጋጭታ ስትሰጥም አራት ሴቶች ልጆቹ ሞቱበት፤ ሚስቱ ብቻ ዳነች። እርሱ የደረሰው መዝሙር፥ ዜማውን በ1876 ፊሊጶስ ብሊስ የሠራለት፥ ለነፍሱ ሁሉ ደኅና እንደ ሆነ የሚመሰክር ነው። ይህ መዝሙር የሚያስደንቅ እምነት አለበት፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ሐዘንተኛ በመጀመሪያው ሌሊት ሊዘምረው የሚችል አይመስልም፤ ምስክርነቱ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ እዚያ ያልደረሰ ሰው ሲዘምረው ውሸታም የሆነ ይመስለዋል። የዶርሲው ግን የሚጠይቀው እጅን መዘርጋት ብቻ ነው። አንደኛው መዝሙር ማዕበሉን ከተሻገረ ሰው፥ ሁለተኛው ገና በመካከሉ ካለ ሰው የወጣ ነው፤ ለቀብር የሚመረጠውም ሁለተኛው መሆኑ ተገቢ ነው።

በግጥምነቱ ብቻ ቢመዘን ግን የዶርሲ ሥራ ጕድለት አለበት። ሌሊቱ፥ ማዕበሉ፥ ወንዙ፥ ብርሃኑ ከእርሱ በፊት መቶ ጊዜ የተነገሩ ምሳሌዎች ናቸው፤ ቤት መድፊያውም ተራ ነው። በወረቀት ላይ ብቻ የሚያነበው ሰው ዝናው ከምን እንደ መጣ ቢጠይቅ አይሳሳትም። ጥበቡ የሚገኘው ቃሉ ለዘማሪው በሚተውለት ቦታ ነው፤ ቃላቱ አጫጭር ናቸው፥ ዜማውም ዝግ ያለ ነው፤ ዘማሪው በእያንዳንዱ ቃል ላይ እንደ ኀዘኑ መጠን ይቈያል። ያረጁት ምሳሌዎችም በዚህ ጊዜ ይጠቅማሉ፤ የደከመ ሰው አዲስ ምሳሌ ለመፍታት አእምሮ የለውምና። ማሃሊያ ጃክሰን አንዲቱን ቃል እስክትጨርስ ድረስ ሰሚው የራሱን ነገር አስቦ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ ዶርሲ ወደ ቀድሞው ዘፈን አልተመለሰም። የጎስፐል መዘምራንን ከየከተማው የሚሰበስብ ጉባኤ ከባልንጀሮቹ ጋራ መሠረተ፤ በመቶ የሚቈጠር መዝሙር ደረሰ፤ በ1941 ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ ልጆችም ወለደ። ስሙ ቶሚ ዶርሲ ከሚባለው ነጭ የሙዚቃ ጓድ አለቃ ስም ጋራ ስለ ተመሳሰለ፥ ይህን መዝሙር የዚያ ሰው ሥራ አድርገው የጻፉ ሰዎች ነበሩ፤ የገዛ ስሙን ያጣ ደራሲ መሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ፍሬ ቈጥረው፥ እንግዲህ የኔቲ ሞት ለበጎ ሆነ ይላሉ። እንዲህ ያለው ቃል ከሂሳብ ቤት የመጣ ነው፤ ሚስትን ከዚህ ወገን፥ መዝሙርን ከዚያ ወገን አድርጎ የሚመዝን ሚዛን የለም። ዶርሲ በ1982 በተሠራ የሲኒማ ፊልም ላይ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ሆኖ ያንን የኦገስት ወር ሲተርክ ይታያል፤ ከሞቱ ኃምሳ ዓመት አልፎታል፤ መዝሙሩም በብዙ ቋንቋ ተተርጕሟል፤ ታሪኩን ሲናገር ግን እንደ ተከፈለው ሰው አይናገርም። በ1993 በ93 ዓመቱ ሞተ።

መዝሙሩ ስም የሌለበት መሆኑ ምን እንዳስገኘለት በ1968 ታይቷል። በዚያ ዓመት ኤፕሪል 4 ቀን ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በሜምፊስ ከተማ ባረፈበት ሆቴል ሰገነት ላይ ቆሞ፥ ከታች የነበረውን ቤን ብራንች የተባለ የሙዚቃ ሰው በዚያ ማታ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ይህን መዝሙር እንዲጫወትለት፥ አሳምሮም እንዲጫወተው ለመነው። ብዙም ሳይቈይ በዚያው ሰገነት ላይ በጥይት ተመታ። የለመነውን መዝሙር አልሰማም። በኤፕሪል 9 ቀን በአትላንታ በተደረገው ቀብሩ ላይ ማሃሊያ ጃክሰን ዘመረችለት፤ እርሷም በወጣትነቷ ዶርሲ ፒያኖ እየመታላት ድርሰቶቹን ከከተማ ወደ ከተማ ያዞረች ናት። በሺካጎ የቀረው ዶርሲ በዚያን ጊዜ የ68 ዓመት ሰው ነበረ፤ የፒልግሪም ቤተ ክርስቲያን መዘምራንም ገና በእጁ ነበሩ።